በጭብጦው ላይ የቀሩት ጣቶች

ባለፈው ኅዳር የልጅ ልጄን ሜሮንን ይዤ ከጂንካ አዲስ አበባ ወጥቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ እየተነፋ፣ እግሯ እየሰለለ፣ የበላችው ሁሉ ሳይዋሃዳት እየወጣ ስታስጨንቀን ከርማለች። መጀመሪያ ደሟን መረመሩ፤ ቀጥሎ በቀጭን ቱቦ ትንሹን አንጀቷን አይተው ከዚያው ቅንጣት ሥጋ ወስደው ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ በቀስታ አስረዳችኝ። በሽታው ሴሊያክ ይባላል። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ሆድ ሲገባ ሰውነት ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ አንጀቱን ይወጋል፤ የተጎዳ አንጀት ደግሞ ምግብ መምጠጥ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም፤ ስንዴና ገብስን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

«በዘር ይተላለፋል፣ እማማ» አለችኝ። «ከቤተሰባችሁ እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው ነበር?»

«እጇ አይደለም ማለት ነው?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። የእናቴን እጅ ማለቴ ነበር፤ ግን ከየት ብዬ ልጀምርላት?

በደርግ ጊዜ ቤታችን ጂንካ፣ ላሞች ከሚግጡበት ከአውሮፕላን ሜዳው ጥግ ነበር። አባቴ ወታደር ሆኖ ከመንዝ ሲመጣ እማዬን ይዟት መጣ፤ እሷ ደግሞ የገብስ ፍቅሯን ይዛ መጣች። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ በየቅዳሜው ገበያ ወጥታ ከአሪ ደጋ የሚወርደውን ገብስ ሳትገዛ አትመለስም። ትቆላዋለች፣ ታስፈጨዋለች፣ ቤታችን ዓመቱን ሙሉ በሶ በሶ ይሸታል። ለእሷ በሶ ምግብም፣ ስንቅም፣ መድኃኒትም ነበር።

ታላቅ እህቴ አስካለ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሞተች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ፣ ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፣ ዝናብ በማያባራበት ነሐሴ ቀበርናት። በደከመች ቁጥር እማዬ በሶውን በማር በጥብጣ፣ ጭብጦውን በቅቤ አሽታ በእጇ ታጎርሳት ነበር። ጎረቤቱ ቡዳ በላት አለ። ጠበልም ተሞከረ፣ ክሊኒክም ለአሜባ መድኃኒት ሰጠ። እማዬ የአስካለን ሰማያዊ ቀሚስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ያው ነገር ወደ እኔ መጣ። አንድ እሑድ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ሣጥኑን ከፍቼ ቀሚሱን ለበስኩት። ድሮ ይጠበኝ የነበረው ቀሚስ ከመክሳቴ የተነሳ ልክክ አለ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። አየችኝና «አስካለ» ብላ ጠራችኝ። ስሜ ወይንሸት ነው። ቀሚሱን አውልቄ መለስኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በተኛሁበት ሰው መጥቶ እግሬ ሥር የሚቀመጥ፣ ፍራሹም ወደዚያ የሚዘም ይመስለኝ ጀመር። ጎረቤቶቻችንም እህቷ እየጠራቻት ነው ተባባሉ።

በመምህርነት ከማጎ ወንዝ ማዶ ሃና የምትባል ቆላ ከተማ ተመደብኩ። እማዬ አለቀሰች፤ እኔ ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴም አፈርኩ። በእህል መኪና ላይ ተጭኜ በማጎ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ የቆላ ዝንብ እየነደፈኝ እንኳ ቤታችን በመራቁ እፎይ እል ነበር። ማደሪያዬ የወረዳው ዘበኛ ሚስት ማርታ ዘንድ ሆነ፤ ማርታ ብዙ የማትናገር፣ አማርኛዋም የሚሰባበር፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ የአሪ ሴት ናት። ምግባችን የማሽላና የበቆሎ ገንፎ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ወተት ነበር። በዚያ ሙቀት ገብስ አይበቅል፣ ስንዴም ከመንገድ ርቀት የተነሳ አይደርስ።

በሁለት ወር ሆዴ ተመለሰ። ፀጉሬ መርገፉን አቆመ። እግሬ ሥር የሚቀመጥ አልነበረም። ለገና እረፍት ጂንካ ስመለስ እማዬ ዶሮ አሳርዳ፣ በሶ በጥብጣ ተቀበለችኝ። በአራተኛው ቀን ሆዴ ተነፋ፤ የፍራሹም ጫፍ እንደገና ዘመመ። ሃና ተመልሼ ዳንኩ። ያኔ ተማሪ ቤት የተማርኩት ሁሉ ከንቱ ሆነና በልቤ ቆረጥኩ፦ አስካለ ቤታችን ውስጥ አለች፤ የማጎን ወንዝ ግን አትሻገርም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሾፌር ከእማዬ የተላከ የጨርቅ ከረጢት አመጣልኝ። ጭብጦ ነበር። እማዬ ጭብጦ ስትጨብጥ አራት ጣቶቿ ታትመው ይቀራሉ፤ የቀለበት ጣቷ አልታጠፍ ስለሚላት የእሱ ምልክት ብቻ አይጠልቅም። ጣቶቼን በምልክቶቹ ላይ አሳርፌ አለቀስኩ፤ ከዚያም በቀን ሁለት ሁለት እየበላሁ ሰነበትኩ።

በሦስተኛው ቀን ታምሜ ተኛሁ። በአራተኛው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ደጁ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማ አየኋት። ፊቷ በብርሃኑ አይታይም። አልገባችም፤ ግን ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ወንዙን ተሻገረች፣ አለቀልኝ አልኩ። ዛሬም ትኩሳት ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ግን አላምነውም።

ማርታ አጠገቤ ተቀምጣ ከከረጢቱ አንድ ጭብጦ አወጣች። የራሷን ጣቶች በምልክቶቹ ውስጥ ሞከረቻቸው፤ አልገጠሙም።

«ይሄ እጅ የማን ነው?»

«የእናቴ።»

ጭብጦውን ወደ ከረጢቱ መለሰችና «አንቺ እኛ ቤት ሲበላ ደህና ነው» አለች። «ይሄ ሲበላ ይታመማል። እናትሽ እጁ ጥሩ አይደለም።»

ከረጢቱን አውጥታ ጭብጦውን ለዶሮዎች በተነችው። የእናቴ ስንቅ ሲጣል የምቆጣበት አቅም አልነበረኝም። በሳምንት ተነሳሁ፤ መነሳቴም አስፈራኝ።

ክረምት ሲገባ ጂንካ ሄድኩ። እማዬ እንደ ልማዷ በሶ በጥብጣ ጠበቀችኝ፤ ከፊቴ ገፋሁት። ማርታ ስለ አስካለ ምንም አላለችም ነበር፤ እኔ ግን ጨመርኩበት። «አስካለንም የበላት፣ እኔንም የሚበላኝ እጅሽ ነው» አልኳት።

ሁለት እጆቿን ዘርግታ መዳፏንም ጀርባውንም አገላብጣ አየች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ማንንም አላጎረሰችም። የተረፈውን ገብስ ለሰው ሰጠች፤ በሶ ከቤታችን ጠፋ። ሊጥ እንኳ ሌላ ሰው ያቦካላት ነበር። ዳቦም ሆዴን ስለሚያውከኝ ትቼው ነበርና እኔ ዳንኩ፤ አስካለም ከፍራሼ ግርጌ ጠፋች። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን? በሠርጌ ቀን አጉርሺን ብንላት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። የልጅ ልጆቿንም ስታቅፍ በጨርቅ ጠቅልላ ነው፤ ገላቸውን በባዶ እጇ አትነካም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖራ፣ ሳታውቅ ሞተች።

ሐኪሟ እኔም እንድመረመር ነግራኛለች። ጤፍ ምንም እንደማይል፣ ነገር ግን ስንዴ ከተፈጨበት ወፍጮ የወጣ ዱቄት ራሱ እንደሚጎዳ አስጠንቅቃናለች፤ ስለዚህ እህላችንን ቤት መፍጨት ጀምረናል። ጂንካ እንደተመለስን የእናቴ መቃብር ላይ ቆሜ «እማዬ፣ ገብሱ ነው» አልኩ። የማርታ ዓይን ልክ ነበር፤ ያየችውን ግን በእጅ አሳበበች። እኔ ግን የተማርኩ ነበርኩ። ገብሱን ለአንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም፤ እናቴን ጠረጠርኩ።

በቀደም ማሽላ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በቅቤ አሽቼ ለሜሮን ጭብጦ ጨበጥኩላት። ስለቀው አራት ጣቶቼ ታትመውበታል፤ የቀለበቱ ምልክት ብቻ አልጠለቀም። የእኔም ጣት ከእርጅና ጋር አልታጠፍ ብሏል ለካ። ሜሮን አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ፤ አጎረስኳት።

ሁሉንም ባውቅም ሦስት ቀን ሆዷን እየዳበስኩ ጠበቅኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መጥታ ሌላ ጨብጪልኝ አለችኝ።