የዋንዛው በርና ቀጥ ማለት ያቃተው መላጊያ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ማሽን ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የማስበው ማንን እንደምሰድብ ነው። መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የእንጨት ሥራ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ግን የአንድ የሀብሩ ሽማግሌ ሥራ ያህል ያናደደኝም ያኮራኝም የለም።

ሽማግሌው ባለቤታቸው በጠና ታመው ሳለ ለደብራቸው በር ተስለው ነበር። ሴትዮዋ ዳኑ። እሳቸውም ከእርሻቸው ዳር የነበረችውን አንዲት ዋንዛ አስቆርጠውና አስሰንጥቀው፣ ስድስት ጣውላ በአይሱዙ ጭነው አመጡልኝ። "ሌላ ዋንዛ የለኝም። ይችን ካበላሸህ ስለቴ ቀረ ማለት ነው" አሉኝ። "በእኔ ይጣሉት፣ አባባ" አልኩ። አልጣሉብኝም። በየቀኑ በመጀመሪያው መኪና ከገጠር እየመጡ እንጨታቸውን ይጠብቁ ጀመር።

መላጊያ ማሽኔ ሁለት የብረት ጠረጴዛ አለው፤ ቢላዎቹ መሀል ላይ ይሽከረከራሉ። ጣውላው ከፊተኛው ጠረጴዛ ይገፋል፣ ይላጋል፣ በኋለኛው ላይ ይወጣል። የኋለኛው ከቢላው አፍ ጋር እኩል ካልሆነ እንጨት አይቃናም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ሪጋ፣ ያችን ቀጥ ያለች የማስመሪያ ብረት፣ አጋድሜ አስተካክለዋለሁ። የመጀመሪያዋ ጣውላ ጠርዟ ቀጥ ብሎ ወጣ። ረፋድ ላይ የላግኋትን ግን ከእሷ ጋር ባገጥማት መሀላቸው ብርሃን አሳየኝ። መልሼ ላግኋት፤ ባሰባት። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ፤ ጠዋት ደህና፣ ረፋድ ላይ ጠማማ። መልሼ መላልሼ ስልግ ጣውላዎቹ እየጠበቡ ሄዱ። በሩ ከሚፈልገው ወርድ የሚተርፈኝ አንድ ጣት ብቻ ሲሆን ፈራሁ።

ቢላዎቹን የሞረደልኝ ወልድያ ያለ ሰው ነበር። "ጉድ የሠራኝ እሱ ነው" አልኩና ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ገና ከደጁ መጮህ ጀመርኩ። ሰውዬው ሦስቱን ቢላዎች ጎን ለጎን አስተኝቶ ለካቸው። የፀጉር ያህል እንኳ አይበላለጡም። ከዚያ ሳቀብኝ።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ሂድ ወንድሜ፣ የራስህን ቤት ፈትሽ!"

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን እስካልፍ ድረስ ጆሮዬ ይቃጠል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቢላዎቹን መልሼ አሰርኩ፣ ጠረጴዛውን አስተካከልኩ፣ ለሙከራ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ላግሁ። ቀጥ አለ። ሌላ ደገምኩ፤ እሱም ቀጥ አለ። በዚህ መሀል ረፈደና ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው መጡ። በእኛ አገር ሽማግሌ አቁሞ መሥራት ነውር ነው። ያሉኝ ወንበሮች ደግሞ ሁሉም ለሽያጭ የተሠሩ፣ ቫርኒሻቸው ያልደረቀ። እንደ ልማዴ የማሽኑን የኋለኛ ጠረጴዛ ጫፍ በክንዴ ጠርጌ፣ ጋቢዬን አነጠፍኩና "አረፍ ይበሉ" አልኳቸው። ተቀመጡ። ብረቱ ሲጥ አለ።

በየቀኑ ሲጥ ይል ነበር፤ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። "አባባ፣ አንድ ጊዜ ይነሱልኝ" ብዬ ሪጋዬን አጋደምኩ። የጠረጴዛው ጫፍ ወርዷል። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የሚያስረው ብሎን ጥርሱ አልቆ ክብደት ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ለካስ ማሽኔን በየረፋዱ በአክብሮት የማበላሸው እኔው ነኝ! ግን ይህ ለሽማግሌ እንዴት ይነገራል? ቢጨንቀኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

ጠረጴዛውንም እኔንም አዩና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"አዬ ጉድ! ስለቴን በመቀመጫዬ ላበላሸው ነበር በለኛ! በል፣ እኔ ደጅ ድንጋዩ ላይ እሆናለሁ፤ አንተ ሥራህን ሥራ።"

አዲስ ብሎን ገዝቼ አሰርኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ስድስቱም ጣውላዎች ተከታትለው ቀጥ ብለው ወጡ፤ ከዚያች ከአንድ ጣት ትርፍም ግማሿ ቀረችልኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ብቻዬን ጨፈርኩ። የሚያልፍ የባጃጅ ሹፌር አይቶኝ ጥሩምባ ነፋልኝ። የጣውላዎቹን ጠርዝ ኮላ ቀብቼ፣ ጎን ለጎን ገጥሜ አንድ ሳንቃ አደረግኋቸውና አጥብቄ አስሬ አሳደርኳቸው።

ኮላው ሲደርቅ ፈታሁና ሽማግሌውን ጠራኋቸው። "መጋጠሚያውን ያግኙልኝ እስቲ" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፤ ተመለሱበት። ጥፍራቸው የትም አልያዘም።

"የታል?" አሉ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ማጠፊያ እንኳ ያልተገጠመለትን ሳንቃ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አስነኩት፤ ከዚያም ሳሙት፣ ደጀ ሰላም እንደ ደረሰ ሰው።

"ገና በር አልሆነም እኮ፣ አባባ" አልኩ።

"ለእኔ ሆኗል" አሉ።