ጭምት የሚሉኝ

ስለ ሰው ጠባይ ሳስተምር የገዛ ድምፄ ይሰለቸኛል። ምሁራኑ ጠባይን በአምስት ዋና ዋና መለኪያዎች ይከፍሉታል፤ አንዱ ተጫዋችነትና ዝምተኝነት ነው። «ስሜት ያልፋል፣ ጠባይ ግን ይቆያል» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። እኔ ወንበሬን እፈልጋለሁ።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ሳለሁ ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ ለሚስቴም የሚተርፍ ወሬ ነበረኝ። ጦርነቱ መጥቶ ቱሪስቱ ሲቀር ሥራዬም ቀረ፤ በተማርኩት ሥነ ልቦና ማስተማር ጀመርኩ። ወሬዬ የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን የገቡ ጎረቤቶች «ጭምት ሰው» ይሉኛል። በእኛ ዘንድ ጭምት መባል ትልቅ ምስጋና ነው፤ ቁጥብ፣ አፉን የሚጠብቅ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ተመቸኝ። ጭምትን ማንም «ምን ሆነሃል?» ብሎ አይጠይቀውም።

ባለፈው እሑድ የሚስቴ አባት ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ መጡ። ቄስ ናቸው። ልንጋባ ስንል «ይሄ ለፍላፊ ልጄን ያደክማታል» ብለው እንቢ ብለው ነበር። ምሳ ላይ እሳቸው ሲጠይቁኝ እኔ «ደህና»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ስል ቆየሁ። በልተን ስንጨርስ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጭምት ወጣው እኮ። ተመስገን በይ እንጂ።»

ሚስቴ እጃቸውን እያስታጠበች ነበር። ውሃውን ማፍሰስ ተወች።

«አባዬ፣ ይሄ ጭምትነት አይደለም፣ ድካም ነው። እኔ ያገባሁት እርስዎ ለፍላፊ ያሉትን ነው። እሱ የለም። ወልድያ እኅቴ ዘንድ ልሄድ ነው፤ እዚያ የሚያናግረኝ ሰው አለ።»

ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ፈራሁ። ቄሱ እጃቸው በሳሙና እንደተለወሰ አዩኝ።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አሉ።

«አትሂጂ» ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ሐሙስ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ» አልኩ። «ተማሪዎቹ የማስብ መስሏቸው ዝም ብለው ጠበቁኝ።»

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጡ። እሷ አልሳቀችም። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከዚያስ?» አለች።