ቅቤ በመጣ ቁጥር ልደቷ ነበር

ዛሬ ጠዋት ከልጄ ከምሕረት ቁጥር ተደወለልኝ። «አቤት ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» ብዬ አነሳሁ።

እሷ አልነበረችም። አዲስ አበባ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ናት። «እማማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?» አለችኝ። «ማን ይኖራል፣ ብቻዬን ነኝ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ብዙም ሳይቆይ ብርቅነሽና ሌሎቹ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

ምሕረት ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታ አልነቃችም አሉኝ። ሰምቻለሁ፤ ማመን ግን አልቻልኩም። ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩም።

ግጥሞቿን እዚህ ገጿ ላይ የምታነቡላት ልጆች፣ እውነት ነው ወይ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እውነት ነው። እኔ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ፤ ታገሱኝ።

ምሕረት ስለ ድሮ ዕቃዎቻችን ልትጽፍ ስትል መጀመሪያ ለእኔ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ፔርሙዙ ላይ ያለው አበባ ቀይ ነበር ወይስ ሮዝ?»

«ቀይ ነው። እጀታው ግን በሽቦ የታሰረ ነበር።»

«ማን ሰብሮት?»

«ማን ይሰብረዋል? አንቺው ነሽ።»

ትስቃለች። አንዴ በግጥሟ ውስጥ ራዲዮናችን ሲዘፍን አየሁና፣ «ኧረ እሱ እኮ የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር የሚውለው» አልኳት። «እማዬ፣ እውነቱን አንቺ ያዢልኝ፤ ማሳመሩ የእኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባረምኳት ቁጥር ይህንኑ ነበር የምትለኝ።

አብዛኞቻችሁ የወደዳችሁላት የልደቷን ግጥም ነው።

ኬክ አልተቆረሰም፣ ሻማ አልተለኮሰም፤
የናቴ ቅቤ ግን ካናቴ አልታበሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ሆሳዕና ዳር፣ ወደ ጊምቢቹ መውጫው ላይ ነበር። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ስላረፈ ያደግነው ሁለታችን ነን ማለት ይቻላል። አንድ ቀን የአስተማሪ ልጅ ልደት ተጠርታ ሄደች። ስትመለስ «የእኔስ መቼ ነው?» አለችኝ። ቀኑን ማን ጽፎት። «ዊጆ ለእኔ የደረሰ ዕለት ነው የተወለድሽው» አልኳት። ዊጆ እኛ ሴቶች ቅቤ እያዋጣን በየተራ የምንወስድበት ማኅበራችን ነው። ለእሷ የገባት ዊጆ በደረሰን ቁጥር ልደቷ እንደሆነ ነው።

ተራዬ ደርሶ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ይዘው ሲመጡ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ በር ላይ ቆማለች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» ስላት «ልደቴ ነው» አለች። ብርቅነሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካመጣችው ቅቤ ቆንጠር አደረገችና አናቷ ላይ አኖረችላት፤ በሀዲይኛም መረቀቻት። ሌሎቹም ተከተሏት። ልጆቹ ቆጮ በቅቤ በልተው ሄዱ።

በሚቀጥለው ተራም ልጆቹን አስከትላ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ባለፈው አልተወለድሽም እንዴ?» አለቻት ብርቅነሽ።

«ቅቤው መጣ አይደል?»

«በይ ነይ፣ አናትሽን አምጪ። እንዲህ በየጊዜው እየተወለድሽ እኛን ልታስረጂን ነው።»

ማንም ተሳስተሻል አላላትም። ሰው በዓመት አንዴ ብቻ እንደሚወለድ የነገሯት ትምህርት ቤት ነው። ያን ዕለት አኩርፋ እራት አልበላችም።

አሁን ብርቅነሽ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን እንደምጽፍ ስነግራት «የቅቤውን እንዳትረሺ» አለችኝና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ምሕረት፣ ልጄ። ዛሬ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። እኔ የምፈራው ድንኳኑ ተነስቶ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ቀን ነው። ያንን የድሮ ቤታችንን ከውስጥ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነበርን። ከእንግዲህ ልክ ብሆንም «አዎ እማዬ፣ እንደዚያ ነበር» የሚለኝ የለም፤ ብረሳም የሚጠይቀኝ የለም።

ይዘውሽ መንገድ ጀምረዋል አሉ። በር ላይ ወጥቼ እጠብቅሻለሁ።

ደህና ግቢልኝ ልጄ።