ዝቅ ያለችው ጥያቄ

ነጩ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦው እንደተጠላለፈ ከመሳቢያ ወጣ። አንደኛው ጆሮ ላይ አሁንም የሆቴል ሳሙና ሽታ አለ፤ ወይም ያለ መሰለኝ። ሌላኛው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። እናቴ አንዱን ብቻ ነበር የምትሰካው፤ ሱፐርቫይዘሯ ስትጠራት መስማት ነበረባት።

እናቴ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር። እኔ ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የዜግነት ፈተናውን የጥያቄና መልስ ክፍል አንዴ ወድቃ የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነበር። አስራ ስምንት ሳይሞላኝ ዜጋ ከሆነች እኔም በእሷ በኩል እሆናለሁ፤ ከሞላኝ ግን የራሴን ወረፋ እይዛለሁ። ለልደቴ የቀረው ሦስት ወር አይሞላም ነበር። ይህን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ግን ቀኑን በቀይ ከብባው ነበር።

ከወረቀት ማጥናት አልሆነላትም። ከሺፍት ስትመለስ ሁለት መስመር ሳታነብ እንቅልፍ ይጥላታል። ስለዚህ መቶውን ጥያቄ ከነመልሱ በስልኬ ቀዳሁላት፤ ጥያቄውንና መልሱን በእንግሊዝኛ፣ መሃል ላይ ትርጉሙን በአማርኛ። ባገኘሁበት ነበር የምቀዳው። አንዳንዱን አውቶብስ ውስጥ፣ ሰው እንዳይሰማኝ አፌን በእጄ ሸፍኜ። አንዳንዱን ቻይናታውን፣ ምግብ ቤቶቹ ፓርኪንግ ላይ፣ የሚጠበስ ነጭ ሽንኩርት እየሸተተኝ፣ ከነፋሱ ጋር እየተጯጯህኩ። የመጨረሻዎቹን ቤት፣ ክሎዘት ውስጥ ገብቼ፣ በተሰቀለው ልብስ መሃል በሹክሹክታ አነበብኳቸው።

አንድ ቀን እናቴ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ዛሬ በባንዲራው ጥያቄ አስደንግጠሽኝ ፎጣውን ሁሉ በተንኩት» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አፈርኩ። ላፕቶፔ ላይ በነጻ የሚገኝ የድምፅ ፕሮግራም ጫንኩና ቪዲዮ እያየሁ ሁለት ቀን ተማርኩ። ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ። የድምፁ ሞገድ ስክሪኑ ላይ እንደተከረከመ አጥር እኩል ሲሆን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። ቦታ እንዳይዙ ብዬ የድሮዎቹን ቅጂዎች አጠፋኋቸው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርገሻቸው ነው?»

«እኩል አደረግኳቸው፣ እማ። ከእንግዲህ አያስደነግጡሽም።»

«ጠፉብኝ እኮ! ዳኞቹ ስንት ናቸው የምትለዋን በጩኸትሽ ነበር የማውቃት። አሁን ሁሉም አንድ ሆኑ፤ በምን ልለያቸው? የድሮዎቹን መልሺልኝ።»

«አጠፋኋቸው» አልኳት።

ወደ ካላንደሩ አየች። ፈተናው አስር ቀን ቀርቶታል። ከዚያ ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«በይ ክፈቺው። እኔ እነግርሻለሁ።»

ያን እሁድ ከሰዓት እንዲያ ዋልን። እኔ አንድ በአንድ እከፍታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማና ልኩን ትነግረኛለች።

«ይቺ አውቶብስ ውስጥ ናት፤ አፍነሻታል፤ ቀንሺ። ይቺ ዋና ከተማው፤ ጨምሪ። ጨምሪ እንጂ! ወላሂ ከዚህም በላይ ጮኸሻል።»

«እማ፣ ጆሮሽ ይጎዳል።»

«ጆሮው የኔ አይደል?»

ሰባ ምናምን ላይ ስንደርስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቅጂው ጥያቄውን ሳይጨርስ እሷ መልሱን በእንግሊዝኛ ትላለች። የሚቀጥለውን ከፈትኩላት።

ዘጠና አንደኛዋ ክሎዘት ውስጥ የቀዳኋት ናት። ከሹክሹክታዬ ኋላ፣ ከሩቅ፣ የእናቴ ድምፅ «ልጄ፣ ራት ቀረበ» ይላል። እኩል ሳደርጋቸው የእሷም አብሮ ከፍ ብሏል። ራሷን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ይቺን በደንብ ዝቅ አድርጊያት። እኔ አለሁባት።»

ዝቅ አደረግኳት።

አለፈች። «አንዱን በሹክሹክታ፣ አንዱን በጩኸት ስመልስለት ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ፤ እኔ እንደሆን እንደቀዳሽው ነው የመለስኩት» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ከረመች። ቃለ መሐላውን የፈጸመችው ልደቴ አራት ቀን ሲቀረው ነበር።

አሁን የምኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ ሄንደርሰን ነው። ሥራዬም ይኸው ሆነ፤ ሰው የላከልኝን ድምፅ እቆርጣለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ እኩል አደርጋለሁ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፋት። መቶው ቅጂ ውስጥ የማወራው እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችው ዘጠና አንደኛዋ ላይ ብቻ ነው። ከፍ ላድርጋት ብል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ማዳመጫውን ፈታትቼ አንዱን ጆሮ ሰካሁ። ኤሲውን አጠፋሁ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ዘጠና አንደኛዋን ዝቅ እንዳለች ከፈትኳት። ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ።