አማቴ ያባለጉት ፈረስ

ለሃጭ አልወድም። የሰውም ይሁን የእንስሳ፣ እጄ ላይ ካረፈ ታጥቤ አልጠግብም። ያደግኩት ቡራዩ፣ ሱቅ ነግደው በሚኖሩ ወላጆቼ ቤት ነው፤ ከብት የማውቀው አስፋልት ሲያቋርጥ ብቻ ነበር። ሱሉልታ ተድሬ ስመጣ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ገበሬ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ፈረሳቸውን ከአፋቸው እንደሚያጎርሱ ግን ማንም አልነገረኝም።

ባዝራቸው ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ውርንጭላውን በላም ወተት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ቂጣ በከንፈራቸው ይዘው ፊታቸውን ያስጠጉለታል፤ እሱም ከንፈሩን አሹሎ ይወስዳል። የተረፈውን መልሰው እሳቸው ይበሉታል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። አማቴ ሳቁ።

«ከስንቱ ሰው አፍ የሱ ይሻላል፣ ልጄ» አሉኝ።

በክረምቱ መግቢያ የጎተራውን ክዳን ሲጠግኑ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። ባለቤቴ ሰበታ ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ለእሁድ ብቻ ነው። አማቴ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምሸጠው እኔ፣ ጠዋት ጠዋት ፋንድያ የምዝቅ ሆንኩ።

ፈረሱ በዚያን ጊዜ ጎርምሷል። ጋጣው በር ላይ ስደርስ አስቀድሞ ኪሴን ይፈትሻል። ምንም ካላገኘ እጅጌዬን ነክሶ ይጎትታል። ውሃ ሳቀርብለት ባልዲውን በአፍንጫው ገልብጦ ያየኛል። ገብስ ካኘከ በኋላ አፉን የሚጠርገው አንገቴ ላይ ነው፤ ሞቃቱና አረንጓዴው ለሃጭ በደረቴ ወደ ውስጥ መውረዱ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል። አንድ ጠዋት እግሬን ረግጦ፣ ክብደቱን ሁሉ ጥሎ፣ እንደ ዝንብ እንኳ ሳይቆጥረኝ ወደ ሌላ ዞሮ ቆመ። ስገፋው ይበልጥ ተደገፈኝ። በዚያ ጭቃና ሽንት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሕመሙ ሳይሆን ንቀቱ ነበር።

«ይሸጥ» አልኳቸው አማቴን።

«ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝ እሱ ነው» አሉ። «ከእንግዲህ በእግሬ ያን ዳገት የምወጣ ይመስልሻል?»

ከዚያ ጎረቤቶች ፈረስ የሚገራ ሰው አለ ብለው አንዱን ይዘው መጡ። ጫቱ ጉንጩን ወጥሮታል፤ ሲናገር አረንጓዴ ምራቅ በከንፈሩ ጥግ ይወጣል። ፈረሱን ግቢው መሐል ካለው ባሕር ዛፍ ጋር አሰረው። የላይኛውን ከንፈሩን በሲባጎ ጠምዝዞ፣ ሲባጎውን በእንጨት እያከረረ፣ በሌላ እጁ አፍንጫውን በአለንጋ ይመታው ጀመር። ፈረሱ ለመንከስ ሳይሆን ለመሸሽ ሲሞክር እንኳ ይመታዋል። ሽንቱን ለቀቀ። አፉ ላይ የነበረው አረፋ ቀላ። ለማየት መጥተው አጥር ላይ የተደገፉ የሰፈር ወጣቶች በስልካቸው እየቀረጹ ይስቃሉ።

ሰውየውም ሳቀ። «አየሽ እህቴ፣ አሁን ሰው ይፈራል» አለኝና ምራቁን እግሬ አጠገብ ተፋ።

የዚያን ዕለት የተሰማኝን መጸየፍ የፈረሱ ለሃጭ እንኳ አሳድሮብኝ አያውቅም። አማቴ በር ላይ፣ የተሰበረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «ዺሲ» አሉ፣ በኦሮምኛ ተወው ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ከወጣቶቹ ሳቅ በላይ አልተሰማም። ሰውየው አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ መምታቱን ቀጠለ።

ሄጄ እንጨቱን ያዝኩት።

«ፍታው» አልኩት።

«ገና አልጨረስኩም።»

«ጨርሰሃል። ፍታውና ከግቢያችን ውጣ።»

ለአፍታ የሚመታኝ መሰለኝ። ከዚያ እንጨቱን ለቀቀና አለንጋውን ጠቅልሎ ወጣ። ሲባጎውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ደም የተቀላቀለበት አረፋ እስከ ክርኔ ደረሰ፤ ፈረሱ ግን አልነከሰኝም፤ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄን በአልኮል ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀኝም።

አማቴ በዚያ ምሽት ራት አልበሉም። «ያባለግኩት እኔ፣ የተመታው እሱ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ራሴው ያዝኩት። የማውቀው ዘዴ ስለሌለኝ ያስጠላኝን ብቻ መከልከል ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ ምንም አልይዝም። ገብሱን ይዤ ስገባ ደረቱን በመዳፌ እየገፋሁ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ አፍንጫውን ወደ እኔ ከላከ ገብሱን ይዤ እወጣለሁ። ሲናደድ ግድግዳውን ይረግጣል። እኔም ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰነፍ አልነበረም፤ ረጋ ብሎ ሲቆም ምግቡ እንደሚመጣ ቶሎ ገባው። ግን አዲስ ቀን በመጣ ቁጥር ትናንት የተማረውን ዛሬም እውነት እንደሆነ ይፈትናል። አንድ ጊዜ ክንዴን ነከሰኝና ገመዱን እያወዛወዝኩ በጩኸት እስከ አጥሩ ወደ ኋላ ነዳሁት። ደንግጦ ጆሮውን አቁሞ አየኝ። ከዚያ ወዲህ በጥርሱ አልነካኝም።

ይሁንና ሰኞ ሰኞ ተበላሽቶ ይጠብቀኝ ጀመር። ነገሩ የገባኝ አንድ እሁድ ከባለቤቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ስንመለስ ነው። አማቴ በክራንች ጋጣው ድረስ ሄደው፣ ቂጣ በከንፈራቸው ይዘው አንገታቸውን አስግገዋል።

«አባባ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ የምለፋው ለዚህ ነው?» አልኳቸው። «አንቱ ከአፍዎ ሲያጎርሱት እኔን መግፋት ይጀምራል። ሌላ ሰው ሲነክስ ደግሞ ያ ሰውዬ ይጠራለታል።»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። አማቴ ቂጣውን ከአፋቸው አውጥተው ትንሽ አሰቡና ለዶሮዎቹ ወረወሩት።

«ከአሁን ወዲያ በሣህን» አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር፤ ቃላቸውን ግን ጠበቁ።

መስከረም ሲጠባ ባለቤቴ ኮርቻ ጫነበት። መጀመሪያ ላይ ዘሎ ሊጥለው ሞከረ፤ እኔ ገመዱን ይዤ ፊቱ ስቆም ተወው። ለንግሡ አማቴን ሁለታችን ደግፈን ፈረሱ ላይ አወጣናቸውና ገመዱን እኔ ያዝኩ። በአስፋልቱ ዳር የአሸዋ መኪኖች እየጮሁ ያልፉናል። ፈረሱ ጆሮውን ያርገበግባል፣ ያንኮራፋል፣ ግን ይሄዳል። ገበያው አፋፍ ላይ ያኔ ሲቀርጹ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ «ያ ገሪ ጎበዝ ነው፣ እንዴት አሳመረው» ሲል ሰማሁ። መልስ ልሰጥ ዞር ስል አማቴ ከላይ፣

«ሂጂ ልጄ፣ ቅዳሴው አያምልጠን» አሉኝ።

ሄድኩ። ፈረሱን ወደድኩት ብዬ አልዋሽም፤ ትንፋሹ ያው የሚገማ የበሰበሰ ሣር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አማቴ ትከሻዬን ተደግፈው ወረዱ፣ በባለቤቴ ክንድ ገቡ። እኔ ገመዱን ይዤ ከሌሎቹ ፈረሶች መሐል ውጭ ቀረሁ። ከበሮው ሲጀምር ጎረምሳው ፈረስ አንድ እግሩን አሳርፎ ዓይኑን ከደነ። እኔም ነጠላዬን አፍንጫዬ ድረስ ስቤ ቅዳሴውን ከዚያው ሆኜ አስቀደስኩ።