ስም የሌለው ኩባያ

እህቴን ሰፈርተኛው «ዳኛዋ» ይላታል። ሥራዋ ግን ሱቅ ነው፤ ሸክላ ሠሪዎች የሠሩትን ሳህን፣ ማሰሮና ኩባያ ትሸጣለች። ኩባያ ብሎ የገባ ሰው ሁሉ ማን እንደሠራው፣ ከዋጋው ስንቱ ለሠሪዋ፣ ስንቱ ለኪራይ እንደሚሄድ ሳይሰማ አይወጣም። «ዝም ብለሽ ሽጪ እንጂ፣ ምን ያስለፈልፍሻል!» እላታለሁ። ታናሽ እህቷ ነኝ፤ ሂሳብ የምቀበለውም፣ የምጠርገውም፣ የምነዘንዛትም እኔው ነኝ።

ሠሪዋ ራሷ መጥታ የመሸጫውን ዋጋ በዓይኗ አይታ «ይሁን» ካላለች ዕቃው መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ደግሞም ጭቃው ሳይደርቅ የሠሪዋ ስም ከሥሩ ይጫራል። ስም የሌለው ዕቃ እህቴ ሱቅ አይሸጥም፣ በቃ። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሰፋ ኖራ፣ ልብሱን የለበሱት ስሟን እንኳ ሳያውቁ ነው የሞተችው። እህቴ ይሄን አልረሳችም።

ደንቡ ያምራል፤ ገበያው ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት የእኛ ሱቅ ነው። የቤቱ ባለቤት ጋሼም «ቁርጣችሁን ንገሩኝ፣ ቤቱን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ» ማለት ጀምረዋል። እህቴ ያላትን ሁሉ እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው ያፈሰሰችው፤ ከተዘጋ ባዶ እጇን ትቀራለች። እኔ በጭንቀት ሥጋዬ አልቋል፤ እሷ ኩባያ ትወለውላለች።

በዚህ መሀል የሆቴሉ ሰውዬ መጣ። አዲስ ለሚከፈት ትልቅ ሆቴል ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። ኩባያውን አነሳ፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ ወደደው። የምግብ አዳራሹ ዕቃ በሙሉ ከዚሁ እንዲሠራለት ፈለገ። በልቤ «እሰይ! ጸሎቴ ተሰማ» ስል ኩባያውን ገለበጠው።

«ይሄ ጽሑፍ ይቅርና የሆቴሉ ምልክት ይደረግበት» አለ።

«ስሙ አይነሳም» አለች እህቴ።

«እንዴ፣ ኩባያ ገልብጦ ማን ያነባል?»

«ማንም አያነብም። አይነሳም።»

ከባንኮኒው ሥር እግሯን ረገጥኳት። የጎሪጥ አየችኝ። ሰውዬው «እስከ ማታ ቢሮ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጋ አዝዛለሁ» ብሎ ካርዱን አስቀምጦ ወጣ።

ደሜ ፈላ። «የእንጀራ ገመዳችንን እኮ በጠስሽው!» ብዬ ስጮህ የጓዳው በር ተከፈተ። ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ናቸው። ያመጡትን ሳህን ከገለባ ውስጥ እያወጡ ሁሉንም ሰምተዋል። ከሱቃችን ዕቃ አብዛኛው የእሳቸውና የጓደኞቻቸው ነው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው እህቴ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ከሥሩ ያለው ስም የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ፣ እትዬ።»

«ታዲያ እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

እህቴ ክው አለች። «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» አለች።

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ዘወር ብለሽ አትጠይቂኝም? እዚሁ ከበሩ ኋላ ነበርኩ! የሸክላ ማቃጠያ ምድጃዬ ተሰንጥቆ ከማስገባው እኩሌታው እየፈነዳ ይወጣል፤ ማሠሪያ ገንዘብ እፈልጋለሁ። ለዋጋው ‹ይሁን› እስክል ትጠብቂኛለሽ፤ በስሜ ግን ሳትጠይቂኝ ትፈርጃለሽ።»

እህቴ ከንፈሯን ነከሰች። በልጅነታችን ስትናደድ እንደምታደርገው በሩን በርግዳ የምትወጣ መስሎኝ ፈራሁ። እሷ ግን ካርዱን አንስታ ለእትዬ ሰጠቻቸው።

«እሺ፣ ምን ይሻላል ይላሉ?»

«ተነሺ፣ እንሂድ» አሉ።

እኔ ቀረሁ። በር በሩን ሳይ ጋሼ ከተፍ አሉ። «እህትሽስ?»

«ለሥራ ወጣች፣ አሁን ትመጣለች።»

«ያ ቤቱን የሚፈልገው ሰውዬ ዛሬ መልስ ይፈልጋል» ብለው ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን እያየሁ ያለኝን ስለት ሁሉ ተሳልኩ።

እህቴ ስትመለስ ብቻዋን ነበረች።

«ተዋዋላችሁ?» ብዬ ተንደረደርኩ።

«እትዬ ተዋዋሉ። ‹ስሜ ይቅር› አሉ። በዋጋው ግን ሰውዬውን ላብ በላብ አደረጉት፤ እኛ ከምንሸጥበት አስበልጠው ነው ያስማሙት።»

«እሰይ! እኛስ?»

«‹ከእርስዎ ጋር ከተስማማን ሱቁ መሀል ገብቶ ምን ያደርጋል?› አላቸው ሰውዬው። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ይወስኑ አልኳቸው።»

«እና?»

«ወሰኑ። ያለ ሱቁ።»

እትዬና ጓደኞቻቸው የሆቴሉን ሥራ ከያዙ ለእኛ የሚሠራ የለም። «አንቺ ሞኝ! ዋጋውን ቁልጭ አድርገሽ ያስተማርሻቸው አንቺ! ያመጣሻቸው አንቺ!» እንባዬ መጣ።

«እኔስ ደስ ያለኝ መሰለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። «ተናድጃለሁ! ከሆቴሉ እዚህ ድረስ ስረግም ነው የመጣሁት።» ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። «ግን ጠየቅኳቸው፣ መለሱልኝ። መልሱ ስላልጣመኝ እንዳልጠየቅኩ ልሁን?»

ወደ ጋሼ ዞራ «ቤቱን ለሚፈልገው ሰውዬ ይስጡት» አለቻቸው። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ከወንበሩ ተነሱ። እህቴ ወንበሩ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ኩባያዎቹን ታቀብለኝ ጀመር፤ እኔም እየተነፋረቅኩ ተቀበልኳት።