ሲስተር ሐረግና የሽማግሌው ምርመራ

ሲስተር ሐረግ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ሴት ናት። መካነ ሰላም ከተማ ሆስፒታል በነርስነት ስትሠራ፣ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ሕመም መስማት የእሷ ድርሻ ሆኗል፤ ኪንታሮቱን፣ የሆድ ድርቀቱን፣ የሽንቱን ነገር። ሰው በገዛ ገላው እንዲህ ማፈሩ ዛሬም ይገርማታል።

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ አባተ ገቡ። በአገሩ የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ስለ ጉልበታቸው አወሩ፤ ስለ ዝናቡም አወሩ። ሐረግ ካርዳቸውን እየሞላች ጠበቀች።

«ሽንቴ አላስቀምጥ አለኝ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ሲቀመጡ፣ እየተነሱ ቁጥቋጦ ጀርባ ይሄዳሉ። ሄደውም ቶሎ አይመጣላቸው፤ ሲመጣም ይቆራረጣል። ታናሽየው ታዲያ «እዚያ ከወንድሜ ሰው ጋር ይመካከራሉ» ብሎ ጠረጠራቸው።

«ሽምግልናውን ልተወው ነው። ከምታማ ቤቴ ብውል ይሻለኛል።»

ሐረግ የፕሮስቴት እጢ በዕድሜ እያበጠ የሽንት መውጫውን እንደሚያጠብ፣ በፊንጢጣ በኩል በጣት ተዳስሶም እንደሚታወቅ ነገረቻቸው። ጋሽ አባተ ብድግ አሉ።

«በእመቤቴ! የልጄ እኩያ?»

«አባቴ፣ እርስዎ አንዱን ወገን ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እኔም የሰማሁት አንዱን ወገን ነው፤ አፍዎን። ሌላው ወገን ገና ቃሉን አልሰጠም።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። ከዚያ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «እሱ ከተናገረማ ጉድ ፈላ! በይ ረታሽኝ፤ በሩን ዝጊው።»

በግራ ጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰበሰቡ። ሐረግ መቀመጫቸው አካባቢ ቁስል አለመኖሩን አየች፤ ጓንቷን ቅባት ቀብታ፣ «በረጅሙ ይተንፍሱ» ብላ ቀስ አድርጋ ዳሰሰች። እጢው አብጧል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ ድንጋይ የሚል ነገር የለውም። የአገር ጠብ የሚፈታን ሰው ቤት ሊያስቀር የነበረው ነገር እንዲህ ትንሽ መሆኑ ገረማት።

«አለቀ፣ አባቴ።»

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት?»

ወደ ሐኪሙ መራቻቸው። ደማቸውና ሽንታቸው ተመረመረ፤ አልትራሳውንድም ታዩ። ክፉ ነገር ስላልተገኘ መድኃኒት ተጀመረላቸው።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ አባተ ቀጥ ብለው ገቡ። «አፊያ ሆንኩ! እርቁ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላልኩም። ወንድማማቾቹም ተሳሳሙ። የጠረጠረኝ ልጅ እግሬ ላይ ሲወድቅ ጊዜ፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው።»

«ምኑን?»

«ጣቱን ነዋ!»

ሐረግ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሰዉ ምን አለ?»

«እርቁን ትተው እሱን ሲጠይቁኝ መሸ። አሁንም ሽማግሌዎቹ ውጭ ቆመዋል፤ አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ።»